ስንወርድ ለምን ይበዛል?

በዚህች አጭር ጽሑፍ ላነሳው የፈለግሁት ጉዳይ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ሕፃናትን ሜትር ወደ ሴንቲ ሜትር፣ ሴንቲ ሜትር ወደ ሜትር መለወጥ ማስተማር። «ይሄ ደግሞ ምን ይጻፍበታል? በ100 ማባዛት፣ ለ100 ማካፈል አይደል እንዴ!» የሚለኝ አይጠፋም። እኔም ለማስተማር ልምምድ ወጥቼ 3ኛ ክፍል እስክገባ ድረስ እንደዚያው ነበር የማስበው።

ያን ቀን ሌሰን ፕላኔን አሳምሬ ጽፌ፣ በትልቅ ወረቀት ላይ በቀለም ደረጃ ሥዬ ገባሁ። ደረጃውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከላይ ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ሄክቶ ሜትር፣ ዴካ ሜትር፣ ሜትር፣ ዴሲ ሜትር፣ ሴንቲ ሜትር፣ ከታች ሚሊ ሜትር። አንድ ደረጃ ስንወርድ በ10 እናባዛለን፣ አንድ ደረጃ ስንወጣ ለ10 እናካፍላለን። ልጆቹ እየተቀባበሉ በዜማ አሉት። እኔም ደስ አለኝ፤ ገባቸው ብዬ።

ከዚያ 300 ሴ.ሜ ስንት ሜትር እንደሆነ ጠየቅሁና አንድ ልጅ ወደ ሰሌዳው አወጣሁ። 30,000 ብሎ ጻፈ። «ለምን አባዛህ?» ስለው፣ «ወደ ላይ ወጣና ቲቸር፤ ሜትር ትልቅ ነዋ!» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም «ደረጃውን አላጠናኸውም፣ ተቀመጥ» ብዬ በመልሱ ላይ ኤክስ አደረግሁበት፤ በማርክ መያዣዬም ላይ ዜሮ ሞላሁለት። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ የመጣው ገምጋሚ ቻርቴን አደነቀልኝ። ስለ ልጁ ግን እሱም አልጠየቀኝ፣ እኔም አላነሳሁ።

በእረፍት ሰዓት ልጁ ብቻውን ቆሞ ሳየው ከነከነኝና ጠራሁት። ስናወራ አባቱ ሸማኔ መሆኑን ነገረኝ። «አባትህ የሠራውን ጨርቅ በምን ይለካል?» አልኩት። «በክንድ።»
«አንተስ ለክተህ ታውቃለህ?»
«አዎ። አባዬ 8 ያለው በኔ 11 ይመጣል።»
«ለምን?»
ይሄም ይጠየቃል እንዴ በሚል ዓይን አየኝ። «የኔ ክንድ አጭር ነዋ ቲቸር! አጭር ከሆነ ብዙ ጊዜ ነው የሚለካው።»

እውነቱን ለመናገር አፈርኩ። ይህ ልጅ የመለኪያ ቅየራን ዋና ምሥጢር ያውቃል። መለኪያው ሲያንስ ቁጥሩ ይበዛል፣ መለኪያው ሲተልቅ ቁጥሩ ያንሳል፤ የሚለካው ጨርቅ ግን ያው ነው። ከዚህ ውጭ ምን አለ? ልጁ ቤቱ ያወቀውን ነገር እኔ በባለ ቀለም ደረጃዬ ሸፈንኩበት።

እስቲ ያን ደረጃ በሕፃን ዓይን እንየው። ለልጅ መውረድ ማለት መቀነስ ነው፤ መውጣት ማለት መጨመር ነው። የሙቀት መለኪያው ሲወርድ ቁጥሩ ይቀንሳል፣ የገበያ ዋጋ ሲወጣ ብሩ ይጨምራል። የኛ ደረጃ ግን በተቃራኒው ስንወርድ አባዙ፣ ስንወጣ አካፍሉ ይላል። እኛ ሸምድደነው ስላለፍን እንግዳነቱ አይታየንም። ልጁ ግን «ስንወርድ ለምን ይበዛል?» ብሎ ቢጠይቀን ስንቶቻችን ነን በቂ መልስ ያለን? «ሕጉ ነው» ከማለት በስተቀር ማለቴ ነው።

በሌላ ቀን ክፍሉን እንዲህ ብዬ ጠየቅሁ። «ኃይሌ ገብረሥላሴ በአትላንታ እና በሲድኒ ኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው በ10,000 ሜትር ነው። በየዓመቱ አዲስ አበባ ላይ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ ደግሞ 10 ኪሎ ሜትር ነው። የቱ ይረዝማል?» አብዛኛው እጅ ለ10,000 ወጣ። እነዚህ ልጆች 1 ኪሎ ሜትር 1,000 ሜትር መሆኑን በቃላቸው ይሉታል እኮ! ነገር ግን ቁጥሩን ብቻ ያያሉ፤ ከቁጥሩ ጎን ያለችው ቃል ለነሱ ጌጥ ናት። በመሙ ላይ አንድ ዙር 400 ሜትር ነው፣ ኃይሌ 25 ዙር ሮጠ ብለን አብረን ስንደምር ነው ሁለቱ እኩል መሆናቸውን ያመኑት።

ስለዚህ በበኩሌ የምለው አንድ ነገር ነው። ልጅ በእጁ ሳይለካ የቅየራ ሕግ አይሰጠው። መጀመሪያ ዴስኩን በስንዝር ይለካ፣ ቀጥሎ ያንኑ ዴስክ በጋት ይለካ። ቁጥሩ ለምን እንደጨመረ ራሱ ይናገር። ከዚያ ከጓደኛው ጋር ያወዳድር፤ ያንተ 9 የኔ 8 ሲሉ ጠብ ይነሳል። ጠቡ ደግሞ ጥሩ ጠብ ነው። ሰው ሁሉ የሚስማማበት አንድ መለኪያ ለምን እንዳስፈለገ የሚገባቸው ያኔ ነው። ሜትርም የተወለደው እንዲህ ካለው ጠብ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፈረንሳይ ውስጥ ከቦታ ቦታ የሚለያየው መለኪያ ሕዝቡን ስላስቸገረ አንድ ወጥ መለኪያ ተፈለገ። ዛሬ ደግሞ ሜትር ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብርሃን በባዶ ጠፈር በ1/299,792,458 ሴኮንድ የሚጓዘው ርቀት ነው። ይህን ለ3ኛ ክፍል እንንገር አልልም፤ እኛ ግን ማወቅ አለብን።

ይህን ሐሳብ ለጓደኞቼ ሳነሳ የሚመልሱልኝን አውቃለሁ። «አንድ ክፍል ውስጥ 60 እና 70 ልጅ አለ፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፣ መጽሐፉ ማለቅ አለበት፣ ማስመሪያ እንኳ የሌለው ልጅ ሞልቷል።» ይህ ውሸት አይደለም። ነገር ግን ስንዝርና ክንድ የሌለው ልጅ የለም። መርጃ መሣሪያ ጠፋ የምንለው ልጆቹ ይዘውት መጥተው ነው። ለሜትር ደግሞ ሲባጎ ይበቃል። ለየዴስኩ አንድ አንድ ሜትር ቆርጦ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በእስክሪብቶ ምልክት ማድረግ ነው። (እኔ መጀመሪያ ምልክቱን በቋጠሮ ሠርቼ ተሳስቻለሁ፤ ቋጠሮ ገመዱን ያሳጥረዋል። ተማሪዎቼ ናቸው የደረሱበት!) ጊዜን በተመለከተ ደግሞ ሁለት ክፍለ ጊዜ ለመለካት ብናውል፣ በኋላ ያንኑ ሕግ ደጋግመን ለማረም የምናጠፋውን ጊዜ እናተርፋለን ብዬ አምናለሁ።

ሕጉ ይቅር እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ልጁ ፈተና ላይ ሲባጎ ይዞ አይገባም። ኪሎ ሜትር ደግሞ በክንድ ተለክቶ አያልቅም። በ100 ማባዛትና ለ1,000 ማካፈል በደንብ መለመድ አለበት። ግን ሕጉ የሚመጣው ልጁ ራሱ ሊደርስበት ሲቃረብ ይሁን። ከማስላቱ በፊትም ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ እናስቀድም፤ «መልሱ ከዚህ ቁጥር ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ለምን?» ይህችን ጥያቄ የለመደ ልጅ 300 ሴንቲ ሜትር 30,000 ሜትር ነው ብሎ ጽፎ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሦስት እርምጃ ያህሉን ነገር እስከ ሌላ ከተማ እንደወሰደው ይገባዋላ!

ለትምህርት ክፍላችንም አንድ አስተያየት አለኝ። ለልምምድ ስንወጣ የምንገመገመው በአብዛኛው በሌሰን ፕላናችንና በቻርታችን ነው። ከዚህ ጎን ለጎን «የተሳሳተውን ልጅ ለምን እንደተሳሳተ ጠየቀ ወይ?» የሚል አንድ መስመር በመገምገሚያው ቅጽ ላይ ቢጨመር ምን ይለናል? እኔ በዚያ ቀን በዚህ ቢገመግሙኝ ኖሮ ወድቄ ነበር። መውደቅም ነበረብኝ።

ልጁን በማግስቱ እንደገና ወደ ሰሌዳው አወጣሁት። «ሴንቲ ሜትር ያንተ ክንድ ነው እንበል፣ ሜትር ደግሞ የአባትህ። ባንተ 300 ጊዜ የተለካው በአባትህ ይበዛል ወይስ ያንሳል?» አልኩት። «ያንሳል» አለ፤ ትንሽ አሰበና 3 ብሎ ጻፈ። ማንም አልሳቀም። በማርክ መያዣዬ ላይ የነበረችውን ዜሮ ሰረዝኳት። ዜሮዋ መጀመሪያውንም የኔ ነበረች።