አራት መቶ መጠይቅና አንድ መደርደሪያ
የኢትዮጵያ ድኅረ ምረቃ ምርምር ብዙ ጽፎ ጥቂት የሚያስረዳው ለምንድን ነው?

የምረቃ ወቅት ሲቃረብ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ዓይነት ጥድፊያ ይበዛል። በሺዎች የሚቆጠሩ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች በመምህራን የሥራ ተነሣሽነት፣ በሴቶች የብድር አገልግሎት፣ በአርሶ አደሮች የማዳበሪያ አጠቃቀም፣ በርእሰ መምህራን የአመራር ብቃት ላይ ያደረጉትን ጥናት ለፈታኞች ያቀርባሉ። ፈታኞች ይጠይቃሉ፣ ተማሪው ያርማል፣ ጽሑፉ ይጠረዛል፤ ከዚያም መደርደሪያ ላይ ወይም በኤሌክትሮኒክ ማኅደር ውስጥ ይቀመጣል። ጥናቱ የተካሄደበት ወረዳ የትምህርት ወይም የግብርና ጽሕፈት ቤት ግን አብዛኛውን ጊዜ የጥናቱን ውጤት አያይም። መጠይቁን የሞሉት መምህራንና አርሶ አደሮችም የሰጡት መልስ የት እንደደረሰ የሚነግራቸው የለም።

ስለዚህ ጉዳይ ሲነገር ወቀሳው ብዙ ጊዜ በተማሪው ላይ ያርፋል፤ ሰነፍ ነው፣ ይገለብጣል፣ አያነብም ይባላል። ወቀሳው ፍጹም መሠረት የለውም ባይባልም ዋናውን ምክንያት ይስታል። ተማሪው በአመዛኙ የሚያደርገው ደንቡ የሚጠይቀውን ነው። ደንቡ የሚጠይቀው ደግሞ ለአንድ እውነተኛ ጥያቄ መልስ ሳይሆን ቅርጹን የጠበቀ ጥራዝ ነው።

ከሁለት ወደ ከአርባ በላይ

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የአዲስ አበባና የዓለማያ ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ነበሩ። ዛሬ ቁጥራቸው ከአርባ በላይ ነው። እነዚህን ዩኒቨርሲቲዎች በመምህራን ለመሙላት ድኅረ ምረቃው በፍጥነት መስፋት ነበረበት፤ ሰፋም። መስፋፋቱ በራሱ ስሕተት አልነበረም። ትምህርት ለጥቂቶች ብቻ በነበረበት አገር በሩን መክፈት ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ የተማሪው ቁጥር በአዋጅና በበጀት ሊጨምር ሲችል፣ ምርምርን ማማከር የሚችል ልምድ ያለው ሰው ግን በዓመታት ውስጥ ብቻ ይፈጠራል። አንድ አማካሪ በአንድ ጊዜ ብዙ ተማሪዎችን ሲይዝ የእያንዳንዱን ጥያቄ ከሥሩ ለመመርመር ጊዜ የለውም። የሚቀረው ቅርጹን ማረጋገጥ ነው፤ መግቢያ አለ ወይ፣ የተዛማጅ ጽሑፎች ዳሰሳ አለ ወይ፣ የናሙና ቀመር አለ ወይ፣ ምክረ ሐሳብ አለ ወይ?

የተማሪ ጥናት ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ የታሪክ ትምህርት ክፍል የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ወደየአካባቢያቸው ሄደው ሽማግሌዎችን ጠይቀው የጻፏቸው የመመረቂያ ጽሑፎች እስከ ዛሬ ይጠቀሳሉ። የፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴን የኢትዮጵያ ዘመናዊ ታሪክ መጽሐፍ የዋቢ ዝርዝር የተመለከተ ሰው የእነዚህን ተማሪዎች ሥራዎች ከታላላቅ ጥናቶች ጎን ያገኛቸዋል። እነዚያ ወጣቶች ኮምፒውተርም ሆነ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር አልነበራቸውም። የነበራቸው ግን ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ፣ የሚያውቁት ቋንቋና አካባቢ፣ ሥራቸውን በጥንቃቄ የሚያነብ መምህር ነበር።

ቀመሩ የማያውቀው ነገር

የዛሬው ጥናት ምን እንደሚመስል ለማየት ከናሙና ክፍሉ የተሻለ ቦታ የለም። በማኅበራዊ ሳይንስና በትምህርት መስክ በሚጻፉ የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፎች ውስጥ በታሮ ያማኔ ስም የሚጠራው ቀመር በተደጋጋሚ ይገኛል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሕዝቡ ብዛት 1,000 ከሆነ 286 ሰው፣ 10,000 ከሆነ 385፣ 100,000 ከሆነ 399 ሰው መጠየቅ ይበቃል ይላል። የሕዝቡ ብዛት የቱንም ያህል ቢያድግ መልሱ ከ400 አያልፍም። አራት መቶ መጠይቅ ታትሞ፣ ተበትኖ፣ ተሰብስቦ፣ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ጥናቱ እንደ ተሠራ ይቆጠራል።

ቀመሩ የሚሠራው ግን ሰዎቹ አንድ በአንድ፣ ከመላው ሕዝብ በዕጣ ሲመረጡ ነው። ተማሪው በተግባር የሚያደርገው ሌላ ነው፤ አቅሙ የፈቀደለትን ጥቂት ቀበሌዎች ወይም ትምህርት ቤቶች መርጦ በእያንዳንዱ ውስጥ የተወሰኑ ሰዎችን ይጠይቃል። የአንድ ቀበሌ ነዋሪዎች በዝናቡም፣ በመንገዱም፣ በገበያውም ስለሚመሳሰሉ ሃያኛው ሰው የሚጨምረው አዲስ ነገር ከመጀመሪያው ሰው ያነሰ ነው። ሃያ ቀበሌዎች ተመርጠው በእያንዳንዱ ሃያ ሰው ቢጠየቅና በቀበሌ ውስጥ ያለው ተመሳሳይነት 0.1 ቢሆን፣ የ400 ሰዎች መልስ የሚኖረው ክብደት በዕጣ የተመረጡ 138 ሰዎች ከሚሰጡት መልስ አይበልጥም። ቀበሌዎቹ አራት ብቻ ሲሆኑ ክብደቱ ከዚህም በእጅጉ ያንሳል። በጽሑፉ ላይ የሚታየው ግን 400 የሚለው ቁጥር ነው፤ መደምደሚያውም የሚጻፈው በዚያው ልክ ተማምኖ ነው።

ከናሙናው ቀጥሎ መጠይቁ ይመጣል። ጥያቄዎቹ ብዙ ጊዜ በሌላ አገር ከተዘጋጀ የእንግሊዝኛ መጠይቅ ይወሰዳሉ፤ ወደ አማርኛ፣ ወደ አፋን ኦሮሞ ወይም ወደ ሶማልኛ ይመለሳሉ፤ መልሱ ደግሞ እንደገና በእንግሊዝኛ ይጻፋል። በመካከሉ የሰው አነጋገር ይጠፋል። አንድ መምህር «ርእሰ መምህሬ አሳታፊ አመራር ይሰጣል» ለሚል ዓረፍተ ነገር «በጣም እስማማለሁ» ብሎ ምልክት ሲያደርግ፣ ወረቀቱ የሚሰበሰበው በዚያው ርእሰ መምህር ቢሮ በኩል ከሆነ የተለካው አመራሩ ነው ወይስ የመምህሩ ጥንቃቄ? በይሉኝታና በፍርሃት መካከል የተሰጠን መልስ አምስት ደረጃ ባለው መለኪያ ማስላት ትክክለኛ ቁጥር ይሰጣል፤ ትክክለኛ እውቀት ግን አይሰጥም።

ዲግሪው እንደ ምልክት

የምጣኔ ሀብት ሊቁ ማይክል ስፔንስ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ዲግሪ ለቀጣሪ ከእውቀቱ ባሻገር ስለ ባለቤቱ ብቃት የሚናገር ምልክት ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ዋጋ የሚኖረው ግን ብቃት ለሌለው ሰው ማግኘቱ ከባድ ሲሆን ነው። በኢትዮጵያ የሁለተኛ ዲግሪ ለደረጃ ዕድገት፣ ለደመወዝ ጭማሪና ለሹመት መንገድ ይከፍታል። ስለዚህ ፍላጎቱ ከፍተኛ መሆኑ አያስገርምም። በየዩኒቨርሲቲው አካባቢ ምሰሶና ግድግዳ ላይ የሚለጠፉት «የመመረቂያ ጽሑፍ እናማክራለን» የሚሉ ማስታወቂያዎች የዚህ ፍላጎት ውጤት ናቸው። ጥራዙ ራሱ ግብ ሲሆን ጥራዝ የሚሸጥ ገበያ ይፈጠራል።

አሁን ደግሞ ጽሑፍ የሚያመነጩ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ይህንኑ ሥራ ያለ ክፍያ ወይም በጥቂት ገንዘብ ይሠራሉ። ሥርዓተ ነጥቡን የጠበቀ የተዛማጅ ጽሑፎች ዳሰሳ ከእንግዲህ የማንንም ድካም አያሳይም። መመሳሰልን የሚቆጣጠር ሶፍትዌር መግዛትም መፍትሔ አይሆንም፤ ችግሩ ከመገልበጥ ይልቅ ጽሑፉ የሚመዘንበት ነገር ርካሽ መሆኑ ነው። በቀላሉ ሊመረት የማይችለው በመስክ የተገኘ ማስረጃ፣ ለሌሎች ተመራማሪዎች ክፍት የሆነ መረጃ፣ በፈታኞች ፊት በቃል የሚሰጥ ማብራሪያ ነው። ምዘናው ወደ እነዚህ መዞር አለበት።

ጥያቄው ሳይመለስ ሲቀር

ጉዳቱ ለዩኒቨርሲቲዎቹ ክብር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ፈተናው ከቀድሞው በተለየ ሁኔታ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ የተሰጠ በመሆኑ ኩረጃን ለመቀነስ የተወሰደ እርምጃ ነበር። ታዲያ ውጤቱ የሚነግረን ምንድን ነው? ቀድሞ በኩረጃ ተሸፍኖ የነበረ ድክመት መገለጡን፣ በወረርሽኝና በጦርነት ምክንያት የጠፋ የትምህርት ጊዜን ወይስ ተማሪዎች ከቤታቸው ርቀው በማያውቁት ግቢ መፈተናቸው ያመጣውን ጫና? መልሱ እንደ መልሱ የሚከተለው ፖሊሲ ይለያያል። አገር ግን በዚህ ጉዳይ የተከራከረችው በአብዛኛው በግምት ነው።

ይህ ለትምህርት ፋኩልቲዎች የተዘጋጀ የሚመስል ጥያቄ ነበር። በአንድ ወረዳ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ትምህርት ቤቶች አንዱ ተማሪ ሲያሳልፍ ሌላው ካላሳለፈ ልዩነታቸው ምንድን ነው? አሥር ተማሪዎች በአንድ መጠይቅና በአንድ የመስክ መመሪያ በአሥር ዞኖች ቢሰማሩ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጽሑፍ ይጽፋሉ፤ አሥሩ ሲደመሩ ደግሞ የትኛውም የተናጠል ጥናት የማይሰጠው አገራዊ ሥዕል ይገኛል።

ማስረጃ የማግኘቱ ፍላጎት ዛሬ ከምንጊዜውም የበለጠ ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ቀጣዩ ደጋግሞ ተራዝሟል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ወዲህ በትግራይ፣ ከዚያም በአማራና በኦሮሚያ ብዙ አካባቢዎች በተከሰተው ግጭት የመስክ ጥናት አስቸጋሪ፣ አንዳንዴም ለሕይወት የሚያሰጋ ሆኗል። ተማሪው ወደሚደርስበት ከተማ ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲው አጥር ጥግ ጥናቱን ማጥበቡ ይገባዋል። የዚህ ድምር ውጤት ግን ይበልጥ የተጎዳው ሕዝብ ይበልጥ ያልተጠና ሕዝብ መሆኑ ነው።

ሊለወጡ የሚችሉ ደንቦች

ከላይ የተነሣው የጋራ ጥያቄ የመጀመሪያው ለውጥ ሊሆን ይችላል። የርእስ ነጻነትን ይገድባል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተቃውሞውም ክብደት አለው፣ በተለይ መንግሥት የማይወደውን ጥያቄ ለማፈን መሣሪያ እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል። ስለዚህ ምርጫው የተማሪው ይሁን፤ ጥያቄውንም የሚመርጠው ሚኒስቴሩ ሳይሆን የትምህርት ክፍሉ ይሁን። ዛሬ ያለው ነጻነት ግን ብዙ ተማሪዎችን ወደ አንድ ዓይነት ርእስ በተናጠል የሚመራ መሆኑም አይዘንጋ።

ሁለተኛው፣ ያለውን መረጃ መጠቀም ሙሉ ምርምር ተደርጎ መቆጠር አለበት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምጣኔ ሀብት ትምህርት ክፍል ከውጭ ተቋማት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በ15 መንደሮች 1,470 ያህል ቤተሰቦችን የተከታተለው የገጠር ቤተሰቦች ጥናት ለተመራማሪዎች ክፍት ነው። «ያንግ ላይቭስ» እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ 3,000 ኢትዮጵያውያን ልጆችን ሲከታተል ቆይቷል። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ከዓለም ባንክ ጋር የሚያካሂደው የማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናትም አለ። በእነዚህ መረጃዎች በውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ዲሰርቴሽኖች ተጽፈዋል። መረጃው በተገኘበት አገር ያለ ተማሪ ግን «የራስህን መጠይቅ ካልበተንክ ጥናት አይባልም» ሲባል ይደመጣል።

ሦስተኛው፣ እያንዳንዱ ጽሑፍ ጥናቱ በተካሄደበት አካባቢ ቋንቋ በሁለት ገጽ ተጠቃልሎ ለወረዳውና ለመላሾቹ መመለስ ይኖርበታል። ይህ ወጪው ትንሽ ነው፤ ተማሪው ግን ገና መጠይቁን ሲያዘጋጅ «ይህን ለጠየቅኋቸው ሰዎች እንዴት ብዬ አስረዳለሁ?» ብሎ እንዲያስብ ያስገድዳል። በአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል ጥናቶች በአማርኛ ተጽፈው ዲግሪ ሲሰጥባቸው ኖሯል፤ ስለዚህ ምሁራዊ ሐሳብ በአገር ቋንቋ አይጻፍም የሚለው ሰበብ አይሠራም።

የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፍ ልምምድ እንጂ ግኝት አይደለም፣ ከተማሪ ይህን ያህል መጠበቅ ተገቢ አይደለም የሚሉ አሉ። ልምምድ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ገና ሲጀመር የታወቀን መልስ ማረጋገጥ የሚያለማምደው ማረጋገጥን ብቻ ነው። ግምቱ ፉርሽ ሆኖበት የማያውቅ፣ «ያሰብኩት ግንኙነት በመረጃው ውስጥ አልተገኘም» ብሎ ጽፎ ያለፈ ነጥብ የማያውቅ ተማሪ ነገ የፖሊሲ ክፍል ኃላፊ ሲሆን ለአለቃው የማይጥም ቁጥር ለማቅረብ ከየት ይደፍራል?

በውጭ ያለው ድርሻ

በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ምሁራን ስለዚህ ጉዳይ ሲያስቡ ብዙውን ጊዜ የሚያቀርቡት የሁለት ሳምንት ሥልጠና ወይም በሻንጣ የተሞላ መጽሐፍ ነው። ሁለቱም መልካም ናቸው፤ የጎደለውን ግን አይሞሉም። የጎደለው የአማካሪ ጊዜ ነው። ከዋሽንግተን፣ ከስቶክሆልም ወይም ከዱባይ ሆኖ አንድ ተማሪ ከጥያቄው ንድፍ እስከ ፈተናው ድረስ በተባባሪ አማካሪነት መያዝ፣ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰዓት በበይነ መረብ መገናኘት፣ ይህንንም ለሦስትና ለአራት ዓመታት ሳያቋርጡ መቀጠል ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የራስ ገዝነት መብት ያገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለእንዲህ ያለው የውጭ ተባባሪ አማካሪ ግልጽ ደንብ ለማውጣት ከሌሎቹ የተሻለ ነጻነት አለው።

ከዚያ የሚቀድም ግን አንድ የቆየ ዕዳ አለ። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን የዶክትሬት ጥናታቸውን የጻፉት በኢትዮጵያ ገበሬዎች፣ ተማሪዎችና ስደት ተመላሾች ላይ ነው። ለዚያ ጥናት ጊዜያቸውን የሰጡ ሰዎች መልስ ዛሬ በግል ኮምፒውተሮች ውስጥ ተቀምጧል፤ ጽሑፎቹም ቢሆኑ በአገር ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚገኙት ጥቂቶቹ ናቸው። በኢትዮጵያ ያለውን መደርደሪያ የሚተች ምሁር የራሱም መደርደሪያ እንዳለው ማስታወስ አለበት። የመላሾችን ማንነት የሚገልጽ ነገር አስወግዶ መረጃውን ጥናቱ በተካሄደበት አካባቢ ላለ ዩኒቨርሲቲ ማስረከብ፣ መጠይቁንም አብሮ መላክ፣ ሁለት ገጽ ማጠቃለያ በአገሬው ቋንቋ መጻፍ ከጥቂት ቅዳሜዎች የበለጠ ጊዜ አይወስድም። ሚኒስቴር እስኪወስን፣ በጀት እስኪለቀቅም አይጠብቅም። በመጪው ዓመት ጥናቱን የሚጀምር አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪም አምስተኛ ጊዜ ያንኑ ቀበሌ ያንኑ ጥያቄ ከመጠየቅ ይልቅ ከአሥር ዓመት በፊት የተሰጠውን መልስ ይዞ ምን እንደተለወጠ ለመጠየቅ ይችላል።