ዋስ የማይጠይቅ ብድር

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ባልና ሚስት መደማመጥ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት ሰላም ነው። ዛሬ ግን ዜና አብረን እንድናነብ ፈለግሁ። የንግድና የቴክኖሎጂ ወሬ የቤታችን ጉዳይ አይመስልም። ሆኖም ስለ ገንዘብ የምንወስነው ብዙ ነገር የሚጀምረው በሬዲዮ ከሰማነው ወይም በስልክ ከደረሰን ዜና ነው። ስለዚህ ዜናው ካስደሰተን ወይም ካስደነገጠን በኋላ ቆም ብለን የምንጠይቃቸው ሦስት ጥያቄዎች ቢኖሩን መልካም ነው።

የመጀመሪያው «ከስንት?» የሚል ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ከጥቅምት እስከ የካቲት 2017 ዓ.ም አክሲዮን ለሕዝብ አቅርቦ ነበር። ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን በ3.2 ቢሊዮን ብር እንደገዙ ተነገረ። ጆሮ የሚሞላ ቁጥር ነው። ለሽያጭ የቀረበው ግን 100 ሚሊዮን አክሲዮን ነበር፤ የተሸጠው ከአሥር እጅ አንድ እጅ ገደማ መሆኑ ነው። ሁለቱም ወሬ እውነት ነው። የመጀመሪያውን ብቻ የሰማ «ሰው ሁሉ ሲገዛ እኛ ቀረን» ብሎ ትዳር ጓደኛውን ይወቅሳል። ሁለተኛውን ብቻ የሰማ ደግሞ «ማንም አልፈለገውም» ይላል። ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበረ። ሁለቱን አጣምሮ የሰማ ቤተሰብ ይህን ገንዘብ ማውጣት ይችል እንደሆነ ረጋ ብሎ ይመካከራል።

ሁለተኛው ጥያቄ «ነገስ ማን ይጠግነዋል?» ነው። እኛ ሳሪስ የምንኖር ሰዎች ለዚህ ምሳሌ ሩቅ መሄድ የለብንም። ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ በሰፈራችን በኩል ቃሊቲ የሚደርሰው ቀላል ባቡር ሥራ የጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም ነው። ሁለቱ መስመሮች 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶባቸዋል፤ ከዚህ ውስጥ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የመጣ ብድር ነው። 41 ባቡሮች ነበሩ። የምረቃው ዜና ያስደስት ነበር፤ መደሰታችንም ተገቢ ነበር። ነገር ግን መለዋወጫው የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። ምንዛሪው ሲያጥር በኋላ ባሉት ዓመታት በርካታ ባቡሮች ቆሙ፤ ሰውም ተመልሶ የታክሲ ሰልፍ ያዘ። የአንድ ነገር ዋጋ የተገዛበት ብቻ አይደለም። ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሣራውን እንዲቆጥር ጌታ በሉቃስ 14 ያስተማረን ለዚህ ነው። ፍሪጅም ሆነ መኪና ቤታችን ሲገባ ያው ጥያቄ አብሮ መግባት አለበት።

ሦስተኛውና ዛሬ በተለይ ላነሣው የፈለግሁት «ዕዳውን ማን ያውቃል?» የሚለው ነው።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም ተጀመረ። በ2014 ዓ.ም ክረምት ደግሞ ከዳሸን ባንክ ጋር በመተባበር «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉ የብድር አገልግሎቶች፣ «ሳንዱቅ» የተባለም የቁጠባ አገልግሎት ቀረቡ። ዜናው ያለ መያዣ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ብድር የሚል ነበር። ይህ ትልቅ በረከት የሆነላቸው ብዙዎች ናቸው። ባንክ በር ላይ ቆማ የማታውቅ የጉሊት ነጋዴ ጠዋት ሽንኩርት ለማውረድ የሚያንሳትን ገንዘብ ታገኛለች፤ አራጣ አበዳሪ ዘንድ ከመሄድም ታርፋለች። ይህን አናቃልል።

ከርዕሱ በታች ግን ስሌት አለ። ጎረቤታችን ኬንያ በዚህ መንገድ ቀድማናለች። ኤም-ፔሳ በ2007 እ.ኤ.አ. ተጀመረ፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤም-ሽዋሪ የተባለው የስልክ ብድር ለ30 ቀን 7.5 በመቶ ክፍያ እያስከፈለ መጣ። 7.5 በመቶ ትንሽ ይመስላል። ብድሩን በየወሩ እየከፈለ እንደገና የሚወስድ ሰው ግን በዓመት 90 በመቶ ይከፍላል። ስሙ «ወለድ» ባይባልና «የአገልግሎት ክፍያ» ቢባል ከኪስ የሚወጣው ያው ብር ነው። ስለዚህ ማንኛውንም የስልክ ብድር ስትወስዱ ክፍያውን ከቀኑ ጋር አስሉት።

ከስሌቱ በታች ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የቀድሞው ብድራችን ሁሉ ምስክር ነበረው። ዕቁብ የሚደርሰው ሰው ዋስ ይጠራል። ባለሱቁ ዱቤውን በደብተር ይጽፋል፤ ዘይት የሚላከው ልጅም ያውቃል። ባንክ ቤት የሚያስይዝ የትዳር ጓደኛውን ይዞ ሄዶ ያስፈርማል። ያስቸግር ነበር፤ ያሳፍርም ነበር። ነገር ግን ያ እፍረት አጥር ነበር። አንድ ሰው ለብቻው ተደብቆ ዕዳ ውስጥ እንዳይሰምጥ ይይዘው ነበር። የስልክ ብድር መያዣውን ሲያስቀር ምስክሩንም አስቀረ። ባል ከሚስቱ አጠገብ ተኝቶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ በአውራ ጣቱ ይበደራል። ሚስትም እንዲሁ።

ምክር ፍለጋ የሚመጡ ባለትዳሮችን ስሰማ የሚያቆስላቸው የገንዘቡ መጠን እንዳልሆነ አስተውላለሁ። «ለምን አልነገርከኝም?» የሚለው ነው። ሁለት ሺህ ብር በወር ይከፈላል፤ የተሰበረ እምነት ግን በአንድ ደሞዝ አይጠገንም። ምሳሌ 22 ተበዳሪ ለአበዳሪው እንደሚገዛ ይነግረናል። አንዱ ተገዝቶ ሌላው ካላወቀ፣ አንድ ሥጋ የሆኑት ሁለቱ በአንድ ቤት ሁለት ኑሮ ይኖራሉ ማለት ነው።

እንግዲህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሁለቱን ስልኮች ጠረጴዛ ላይ አድርጉ። እያንዳንዳችሁ ያለባችሁን ብድር፣ ክፍያውንና የመክፈያ ቀኑን በአንድ ወረቀት ጻፉ። መጀመሪያ የሚናገረው ሰው እንዳይወቀስ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ አለዚያ ሁለተኛው አፉን አይከፍትም። ከዚያ በኋላ ከዚህ ያህል ብር በላይ ሳንነጋገር አንበደርም ብላችሁ መጠኑን ወስኑ። ዋሱን ቴክኖሎጂው ካልጠየቀን እኛው አንዳችን ለሌላው እንሁን።

እግዚአብሔር ትዳራችሁን ይባርክ። ቸር ያገናኘን።