የተቀባዮችን ስም ስለ መጠበቅ

ደብዳቤ መጻፍ አንድ ሥራ ነው፤ ደብዳቤው ለማን መድረስ እንደሚገባው ማወቅ ግን ሌላ ሥራ ነው። የቀድሞ ጸሐፊዎች ይህን አጥብቀው ያውቁ ስለ ነበር፣ ለባለጉዳዩ ዋናውን፣ ነገሩን ማወቅ ለሚገባውም ግልባጩን ለይተው ይልኩ ነበር። ዛሬ ኢሜል የተባለው ደብዳቤ በቅጽበት ለመቶ ሰው ይደርሳልና፣ የመላኩ ቅለት ጥንቃቄውንም አቅልሎታል።

ኢሜል የሚጻፍበት ገጽ ሦስት የአድራሻ መስመሮች አሉት። የፊተኛው «ለ» የሚለው ነው፤ ይኸውም የባለጉዳዩ ስፍራ ነው። ሁለተኛው ሲሲ የሚባለው ግልባጭ ነው፤ ስሙም በጽሕፈት መኪና ዘመን በሁለት ወረቀት መካከል ይገባ ከነበረው ካርቦን የመጣ ነው። ሦስተኛው ቢሲሲ፣ ማለት ስውር ግልባጭ ነው። በዚህ መስመር የገባ ሰው ደብዳቤው ይደርሰዋል፤ አድራሻውን ግን ሌላ ተቀባይ አያየውም። በፊተኞቹ ሁለት መስመሮች የተጻፈ ስም ሁሉ ግን በተቀባዮቹ ሁሉ ፊት የተገለጠ ነው።

አንድ ነገር እናስብ። በደሴ ከተማ በቧንቧ ውሃ ሰፈር የተቀመጠ አንድ ጸሐፊ፣ በደሴና በኮምቦልቻ ሆነው እርዳታ ለጠየቁ ስልሳ ሰዎች አንድ ማስታወቂያ ይልካል እንበል። አድራሻውን ሁሉ «ለ» በሚለው መስመር ቢደረድረው፣ ስልሳዎቹ ሰዎች እርስ በርሳቸው ማን እንደ ተቸገረ በአንድ ጊዜ ያውቃሉ። ችግረኛው ግን ጉዳዩን የነገረው ለመሥሪያ ቤቱ ነው እንጂ ለጎረቤቱ አይደለም። የንስሐ አባት የአንዱን ልጅ ምስጢር ለሌላው እንደማይገልጥ የሚያውቁ ካህናት ይህን ለመረዳት አይቸገሩም።

ጉዳቱ ከኀፍረት የሚያልፍበት ጊዜም አለ። መስከረም 10 ቀን 2014 ዓ.ም. የእንግሊዝ መከላከያ ሚኒስቴር፣ ታሊባን አፍጋኒስታንን ከያዘ በኋላ ከአገር ለመውጣት ለሚጠባበቁ 245 ሰዎች በላከው ኢሜል፣ አድራሻቸውን በስውሩ ፈንታ በግልጡ መስመር አኖረው። ከተቀባዮቹም አንዱ ለሁሉም መልስ ሲሰጥ ያለበትን ስፍራ ገለጠ። ስለዚህ ስሕተት የአገሩ የመረጃ ተቆጣጣሪ በ2016 ዓ.ም. ሚኒስቴሩን 350 ሺህ ፓውንድ ቀጣው። ደሴና ኮምቦልቻ በዚያው በ2014 ዓ.ም. ጦርነትንና መፈናቀልን ያዩ ከተሞች ናቸው። በክፉ ቀን የሰዎች ስም ዝርዝር በማን እጅ እንደሚወድቅ አስቀድሞ እንደማይታወቅ ለነዋሪዎቻቸው ማስረዳት አያሻም።

ስውር መስመር ለተንኮል ይመቻል የሚል ሰው ቢኖር እውነት አለው። ለሥራ ጓደኛ የተጻፈውን ተግሣጽ በስውር ለአለቃው ማሳየት ነገር መሥራት ነው እንጂ ጥንቃቄ አይደለም። በስውር የተጨመረውም ሰው ሳያስተውል ለሁሉም መልስ ቢሰጥ ነገሩ ይገለጣል፤ የሚተርፈውም ቂም ነው። ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፦ ለአንድ ሥራ የተሰበሰቡትን በግልጥ፣ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁትን ባለጉዳዮች በስውር መጻፍ ነው።

ይህ እንዲጸና መሣሪያውን አስቀድሞ ማሰናዳት ይገባል። በአውትሉክ የቢሲሲው መስመር ተሰውሮ እንደ ሆነ ዘወትር እንዲታይ ማድረግ ነው። በጂሜል ቅንብር ውስጥ ደግሞ የተለመደው መልስ ለሁሉም ሳይሆን ለላኪው ብቻ እንዲሄድ፣ የተላከውንም ለመመለስ የሚፈቀደው ጊዜ እስከ 30 ሴኮንድ እንዲሆን መምረጥ ይቻላል። ይህን ሁሉ ለማድረግ አምስት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷልና፣ የሰውን አድራሻ መጠበቅ እንግዲህ የጨዋነት ነገር ብቻ ሳይሆን የሕግ ግዴታም ነው። የመሥሪያ ቤት አለቆችና የአድባራት አስተዳዳሪዎች ጸሐፊዎቻቸውን ይህን ቢያስተምሩ መልካም ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከ30 ሴኮንድ በኋላ ኢሜልም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ከመላክ በፊት መስመሩን ደግሞ ማየት ከሁላችን ይጠበቃል።