ካርዱ የነሱ፣ ስሙ የኛ

እህቶቼ፣ ሹፌር ወንድሞቼም፣ ባለፈው በእረፍት ቀናችን ስንሰበሰብ አንዲት እህታችን «ማዳሜ ስለምታምነኝ የባንክ ካርዷን ከነሚስጥር ቁጥሩ ሰጥታኛለች፤ ነዳጅ ስንቀዳም የምከፍለው እኔ ነኝ» ስትል ብዙዎቻችን አጨበጨብንላት። እኔ አላጨበጨብኩም። ቀንቼ አይደለም። የኔም እጅ ላይ እንደዚያው ካርድ ስለነበር ነው። በዚያ ካርድ ምክንያት የደረሰብኝን እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም፤ ዛሬ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

ቤተሰቡ በነሐሴ ከዱባይ ወደ ኦማን፣ ሰላላ ወደምትባለው ከተማ በመኪና ሄደ። ኸሪፍ የሚሉት የዝናብ ወቅት ነው፤ ተራራው አረንጓዴ ሆኖ በጉም ይሸፈናል፣ የኛን ሀገር ክረምት ይመስላል። መንገዱ ግን ከ1 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አብዛኛው በረሃ ነው። መኪናው ትልቅ ስለሆነ ነዳጅ ይጠጣል። ባባ ይነዳል፣ ማዳም ሕፃኑን ታቅፋ ተኝታለች። ማደያ ስንደርስ ባባ ካርዱን በመስኮት ያቀብለኛል፤ «ነዳጁንም ክፈዪ፣ ውሃና ቺፕስም ያዢ» ይለኛል። ቁጥሩን ነግሮኛል። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ከመኪናው ወርጄ እግሬን እዘረጋለሁ፤ ደግሞም ታምኜ መላኬ ኩራት ነበር።

መጀመሪያ የቆምንበት ቦታ ሒሳቡ 25 ሪያል ሆነ። ማሽኑ ላይ ሁለት ነገር ወጣ፦ ሪያል ወይስ ድርሃም? ልጁ ምረጪ አለኝ። የማውቀው ድርሃም ነው፣ ካርዱም የዱባይ ነው፤ ድርሃም ነካሁ። ቁጥሩን አስገባሁ፣ ወረቀት ሰጠኝ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ወረወርኩት። ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ማደያዎችም እንደዚያው አደረግሁ። የነዚያን ወረቀት ግን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣልኩት። ማን ይፈልገዋል ብዬ።

ሰላላ ስንደርስ ማታ ባባ ስልኩን ይዞ ተቀምጧል። ባንኩ በየክፍያው ሜሴጅ ይልክለታል። አንድ ሪያል 9 ድርሃም ከ55 ፊልስ ገደማ ነው። አራቱ ክፍያ በጠቅላላው 90 ሪያል ነበር፤ ወደ 860 ድርሃም መሆን አለበት። ሜሴጁ ግን 928 ይላል። «68 ድርሃሙ የት ሄደ?» አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? «አላውቅም» አልኩ። ያቺ «አላውቅም» የምትል ቃል ሰው ስትከሰስ ምን እንደምትመስል ታውቃላችሁ። ማዳም ቦርሳዬን ምንጣፉ ላይ ገለበጠችው። ልብሴ፣ የቅባት እቃዬ፣ የእናቴ ፎቶ፣ ሁሉም ተዘረገፈ። ሦስት ዓመት ወርቋን ከመታጠቢያ ቤት አንስቼ ሳጥኗ ውስጥ የማስቀምጥ ሰው ነኝ። ለ68 ድርሃም ሌባ ሆንኩ።

ከቦርሳዬ ከወደቀው ነገር መሐል ያች የመጀመሪያዋ ደረሰኝ ነበረች፤ ተጨማድዳ ማስቲካ ተጣብቆባታል። ትልቋ ልጅ አንስታ አነበበችው። 25 ሪያል ይላል፤ ከሥሩ 258 ድርሃም፤ ከሥሩ ደግሞ በትንሹ ተጽፎ የምንዛሪው ዋጋና የተጨመረበት ክፍያ አለ። «ባባ፣ ማሽኑ ነው የጨመረው» አለችው። ባባ አየው፣ ዝም አለ። ማዳም «ኸላስ» አለች። እኔ ዕቃዬን ከምንጣፉ ላይ ለቀምኩ። ይቅርታ ያለኝ ሰው የለም።

ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ አንድ ሐሳብ ይዤአለሁ፤ እሱን ልንገራችሁ። ያዳነችኝ ሦስት ዓመት ያገለገልኩት ታማኝነት አይደለም፣ የተጨማደደች ወረቀት ናት። ስለዚህ የአሠሪ ካርድ በእጃችን ሲገባ እንደ ክብር ብቻ አንየው። ገንዘቡ የነሱ ነው፤ የሚጠፋው ስም ግን የኛ ነው።

አንዳንዶቻችሁ እንዲህ እንደምትሉ አውቃለሁ፦ «ካርዱን አልይዝም ብንል ኮራች ይሉናል፤ ወይ ሌላ ነገር አስባለች ይላሉ። ደግሞስ እምቢ የማለት አቅም ከየት ይመጣል?» እውነት ነው። በሰው ቤት እየኖርን፣ ቪዛችን በነሱ ስም ሆኖ እምቢ ማለት ቀላል አይደለም። ሌላም ልጨምር፤ ካርድ ይዞ ሱቅ መሄድ ለአንዳንዶቻችን ከግቢ የምንወጣበት ብቸኛው መንገድ ነው። ያንን ለማንም አልከለክልም። እኔም አሁን ድረስ ካርድ ይዤ እወጣለሁ። ግን እንደ ድሮው አይደለም።

አሁን ደረሰኝ ሳልይዝ ከማሽኑ አልንቀሳቀስም። ማሽኑ ወረቀት ጨርሷል ካሉኝ በእጅ እንዲጽፉልኝ እጠይቃለሁ። መኪናው ውስጥ ስገባ ካርዱንና ደረሰኙን አብሬ እሰጣለሁ፤ ገንዘቡንም ድምፄን ከፍ አድርጌ እናገራለሁ፦ «ባባ፣ 22 ሪያል ነው»። ያኔውኑ ስልኩን ያያል፣ ልዩነት ካለ ማደያው ሳይርቅ እዚያው ይታያል። ከሦስት ቀን በኋላ የሚነሳ ጥያቄ ነው ሰው የሚያስይዘው።

የሚስጥር ቁጥሩን ደግሞ ባላውቀው እመርጣለሁ። አነስ ያለ ገንዘብ ካርዱን ማሽኑ ላይ በማስጠጋት ብቻ ይከፈላል። ቁጥር ከጠየቀ ማሽኑን ወደ መኪናው መስኮት እንዲያመጡልኝ እለምናለሁ፣ ባለቤቱ ራሱ ይንካው። ማዳም መጀመሪያ ሳቀችብኝ። «እኔ እርሳለሁ ማዳም፣ ተሳስቼ ካርዱ ቢዘጋስ?» አልኳት፤ ተቀበለችኝ። ይህን ዘዴ ውሰዱት። ቁጥሩን የምታውቂ ከሆነ ከዚያ ካርድ ላይ ለሚጎድል ነገር ሁሉ ቀድሞ የሚጠራው ያንቺ ስም ነው፤ ሌላ ሰው ቢያወጣውም እንኳ።

ሪያል ወይስ ድርሃም ለሚለው ጥያቄም መልሱን ዕወቁት። ካርዱ የሌላ አገር ከሆነ ማሽኑ «በካርዱ አገር ገንዘብ ልቁረጥ ወይስ በዚህ አገር ገንዘብ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። የቆማችሁበትን አገር ገንዘብ ምረጡ፤ ኦማን ሪያል፣ አውሮፓ ዩሮ። የካርዱን አገር ገንዘብ ስትመርጡ ምንዛሪውን የሚያወጣው የማሽኑ ድርጅት ነው፤ የራሱን ትርፍ ይጨምርበታል። ባገሩ ገንዘብ ሲሆን የካርዱ ባንክ ይመነዝረዋል፤ እሱም ክፍያ ሊጨምር ይችላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ያንሳል። ይህ የአሠሪዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። እኛም በራሳችን ካርድ ከዱባይ ውጭ ስንከፍል ወይም ከኤቲኤም ስናወጣ ያው ጥያቄ ይመጣል። 10ኛ ክፍል ድረስ ስማር ይህን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ 68 ድርሃም ነው ያስተማረኝ።

በበጋ ከአሠሪዎቻቸው ጋር አውሮፓ የሚሄዱ እህቶችም አሉ። እዚያ ሰው የሌለበት ማደያ ብዙ ነው። ካርዱን መጀመሪያ ታስገቢያለሽ፣ ማሽኑ ገና ነዳጁ ሳይቀዳ አንድ ገንዘብ ይይዛል፤ በኋላ የተቀዳውን ብቻ ይቆርጥና የተያዘውን ይለቃል። የተያዘው እስኪለቀቅ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ይህን የማያውቅ አሠሪ ሜሴጁን አይቶ «ይህን ያህል ነዳጅ የት ገባ?» ቢል ተጠያቂዋ ካርዱን ያስገባችው ናት። ፈረንሳይ ደግሞ ብዙው ትልቅ መንገድ ላይ ሲገቡ ትኬት ይወሰዳል፣ ሲወጡ በትኬቱ ተቆጥሮ ይከፈላል። ትኬቱ ከጠፋ ከሩቁ በር እንደመጣችሁ ተቆጥሮ ነው የሚያስከፍሉት። «ያዢልኝ» ተብሎ ትኬት ከኋላ ወንበር ለተቀመጠችው ከተሰጣት ልጁን ስታጠባ፣ ዳይፐር ስትቀይር የምትጥለው እሷ ናት። ስለዚህ ያዢ ከተባልሽ ወዲያው ሁሉም የሚያየው ቦታ ላይ አስቀምጪው፤ ኪስሽ ውስጥ አይግባ።

ወደ ሹፌር ወንድሞቼ ልመለስ። የዱባይን ሳሊክ ታውቁታላችሁ። በፈረንጆች 2007 ሲጀመር በሩን ማለፍ 4 ድርሃም ነበር። ከ2025 ጥር መጨረሻ ወዲህ በሥራ ቀን በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 እስከ 4 ሰዓት፣ ከቀኑ 10 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት 6 ድርሃም ሆኗል፤ በሌላው ሰዓት 4 ነው፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በነፃ ነው። ልጆች ትምህርት ቤት የሚደርሱት ጠዋት ነው፤ ማለትም ውዱ ሰዓት ላይ። አንድ ወንድማችን ወሩ ሲያልቅ «ሳሊኩ በዛ፣ ለራስህ ጉዳይ ዞረሃል» ተብሎ ከደመወዙ ተቆርጦበታል። ሰውዬው ልጆቹን ነው ያደረሰው! የኔ ሐሳብ ግልጽ ነው፦ በአሠሪ ትዕዛዝ የተሄደበት መንገድ ክፍያ የአሠሪ ነው። ነገር ግን ክርክሩን በአፍ ብቻ አናሸንፍም። ትንሽ ደብተር መኪናው ውስጥ ይኑር፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የት፣ ማን እንዳዘዘ። ሳሊክ በሩን ያለፈበትን ሰዓት ስለሚመዘግብ የናንተ ደብተር ከሱ ጋር ሲገጥም አፍ ያስይዛል።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ካርድ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁን አስቀይም ይሆናል። የሰው ካርድ ከነቁጥሩ መያዝ አደጋ ከሆነ፣ የራሳችንን ካርድ ከነቁጥሩ ለሰው መስጠትስ ምንድን ነው? ደመወዛቸው የሚገባበትን ካርድ ማዳም ጋር ያስቀመጡ እህቶች በመካከላችን አሉ። «እሷ ጋር አይጠፋም» ይላሉ። ሜሴጁ የሚሄደው ለማዳም ስልክ ነው፤ ባንኩ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቀው ማዳም ብቻ ናት። ገንዘቡ ቢጎድል ማን ላይ ትጮሂያለሽ? ባንኩ «ቁጥሩ በትክክል ገብቷል» ይልሻል። በ2022 የወጣው የኤምሬትስ የቤት ሠራተኞች ሕግ ሹፌሩንም ጨምሮ ለኛ ነው የወጣው። ደመወዝ ከደረሰበት ቀን አንስቶ በ10 ቀን ውስጥ እንዲከፈል፣ መታወቂያችንንና ፓስፖርታችንንም ራሳችን እንድንይዝ ይላል። ካርዱ የደመወዛችን በር ነው፤ ቁልፉን ለሌላ ሰው ሰጥተን ደመወዝ ተከፈለን ማለት አንችልም።

ይህ የሰለጠነ አገር ነገር ነው ብላችሁም አትተዉት። ሀገር ቤትም ከ2023 ጀምሮ ነዳጅ የሚቀዳው በስልክ ክፍያ ነው። ባጃጅ የሚነዳው ወንድሜ በቴሌብር ነው የሚከፍለው። ጓደኛው ስልኩን ተውሶ ነዳጅ ቀድቶ ስንት እንደነካ ሳይነግረው ሲሄድ የተጣሉትን እሱ ሲያወራልኝ ሳቅሁ፤ ከኔ ታሪክ ጋር አንድ ነው። ጥሬ ገንዘብ ሲሆን መልሱን ቆጥረን እንመልሳለን። ካርድ መልስ የለውም፣ የምትቆጥሪው ነገር የለም። የምታሳዪው ወረቀት ብቻ ነው ያለሽ።

አንዲት ታላቅ እህታችን ይህን ስነግራት «ልጄ፣ ሰው ካላመነሽ ደረሰኝ ምን ያደርጋል? የሚከስስ ምክንያት አያጣም» አለችኝ። ግማሹን እቀበላታለሁ። ሌባ ሊልሽ የፈለገ ሰው ወረቀት ብታሳዪውም ይላል። ግን ሁሉም አሠሪ እንደዚያ አይደለም። የኔ ባባ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያልገባው ሒሳብ ነበረ። ሒሳቡ እንዲገባው ያደረገችው ያች ወረቀት ናት። ነገሩ ከቤት አልፎ ፖሊስ ጣቢያ ወይም ሚኒስቴሩ ጋር ቢደርስስ? እዚያም የሚጠየቀው ወረቀት ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ።

ስለዚህ ለቡድናችን አንድ ነገር አቀርባለሁ። በሚቀጥለው የእረፍት ቀን ሁላችንም አንድ አንድ ፖስታ ይዘን እንምጣ። ደረሰኝ ማንበብ የምትችል ለማትችለዋ ታሳያት፦ ቀኑ የት ነው፣ ገንዘቡ የት ነው፣ ምንዛሪው የት ነው። እኔ የኔን ከነማስቲካው አመጣለሁ፤ እስካሁን አልጣልኩትም። ያቺን «ማዳሜ ታምነኛለች» ያለችውንም እህታችንን በተለይ እጋብዛለሁ። መታመኗ ደስ ይለኛል። እንደታመነች እንድትቀጥል ነው የምፈልገው። እውነተኛ እምነት ደረሰኝ አይጠላም።