የድኻ ችግር የኀጢአቱ ደመወዝ ነውን?

በአገራችን ከቀድሞ ዠምሮ ሲወራረስ የመጣ አንድ ክፉ ንግግር አለ። ዝናብ ሲቀር፣ አንበጣ ሲወርድ፣ በሬ ሲሞት፣ ሕፃን ሲታመም፣ ነገሩን በሩቅ ሆኖ የሚመለከተው ሰው ከንፈሩን ይመጥና «ምን ይደረግ፤ የእግዜር ቁጣ ነው፤ ሕዝቡ ቢበድል ነው» ይላል። ይህን ብሎ ወደ ማዕዱ ይመለሳል። ንግግሩ ሃይማኖት ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። ሃይማኖት ቢሆን ኖሮ ተናጋሪው ከማዕዱ ላይ አንድ ቁራሽ ባነሣ ነበር።

ወጣቱ አንባቢ ሆይ፤ አንተም ይህን ቃል ከታላላቆችህ አፍ ሰምተኸው፣ እምነት ማለት ይህ ከሆነ ይቅርብኝ ብለህ ይሆናል። ስለዚህ ንግግሩ ከየት እንደ መጣ እንመርምረው። ከወንጌል አልመጣም። ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው በደሉ የማን ነው፣ የራሱ ነው ወይስ የወላጆቹ፣ ብለው ጌታን በጠየቁት ጊዜ የእርሱም የወላጆቹም አለመሆኑን ነገራቸው። በሰሊሆም ግንብ ተንዶ ዐሥራ ስምንት ሰዎች የገደለ ጊዜም ሟቾቹ ከቀሩት የኢየሩሳሌም ሰዎች የባሱ ኀጢአተኞች እንዳልነበሩ አስረዳ። ኢዮብን በዐመድ ላይ ተቀምጦ ሳለ ሳትበድል አልቀረህም እያሉ ሲከራከሩት የዋሉት ሦስቱ ወዳጆቹስ ምን ደረሰባቸው? መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ያነበበ ያውቃል፤ እግዚአብሔር የተቈጣው በኢዮብ ላይ ሳይሆን በእነርሱ ላይ ነው፤ ምሕረትም ያገኙት ያው የነቀፉት ኢዮብ ሲጸልይላቸው ነው። እንግዲህ «የእግዜር ቁጣ ነው» ባዩ በየትኛው ወገን እንደ ተሰለፈ ይወቅ።

አሁን ደግሞ ወደ ገዛ አገራችን ወደ ወሎ እንምጣ። በ1965 ዓ.ም. ዝናብ ቀረ፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሕዝቡን የፈጀው የዝናብ መቅረት ብቻ አይደለም። አማርትያ ሴን የተባለው የሕንድ ተወላጅ የኤኮኖሚ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ በዚያ ጊዜ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እምብዛም አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የሚወጣ እህል ነበር። የገበሬው ማሳ ደርቆ፣ ከብቱ አልቆ፣ በገበያ የተቀመጠውን እህል የሚገዛበት ገንዘብ ስላጣ ሞተ። መንግሥትም ነገሩን ደበቀ። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እልቂቱን በፊልም ለአገሩ ሰው አሳየ፤ ያ ፊልም በእኛ ቴሌቪዥን የታየው ግን መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው ነው። ደርግም በተራው በመስከረም 1977 ዓ.ም. ዐሥረኛ ዓመቱን በአዲስ አበባ በታላቅ ድግስ ሲያከብር፣ ገበሬው በቆረም ሜዳ ላይ ይወድቅ ነበር። ታዲያ ይህ የላስታ እናት ኀጢአት ነውን? ኀጢአትስ አለ፤ አላየሁም አልሰማሁም ያለው የባለሥልጣን ኀጢአት ነው። ይህን ወስዶ በእግዚአብሔር ላይ መለጠፍ ድፍረት ነው።

ሌሎች ደግሞ አሉ፤ እነዚህ ጨዋዎች ናቸው፤ አይቈጡም። «ችግር አስተማሪ ነው» እያሉ ድኻውን ያመሰግኑታል። ለገና ወደ ላሊበላ ወጥተው፣ 11ዱን ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ጎብኝተው፣ ነጭ የለበሰውን ምእመን ፎቶግራፍ አንሥተው ሲመለሱ «ሕዝቡ ምንም የለው፤ ግን እንዴት ደስተኛ ነው!» ይላሉ። እኔ ይህን ንግግር ከፊተኛው ይልቅ እፈራዋለሁ፤ የፊተኛው ይሰድባል፣ ይህ ግን ያስተኛል። ረኀብ ማንንም አላስተማረም። ረኀብ ሕፃን ያደነዝዛል፤ ተማሪ ከትምህርት ቤት ያስወጣል፤ ወንድምን ከወንድሙ ያጣላል። በችግረኛ ቤት የሚያስተምረው ሌላ ነው፤ ይኸውም በክፉው ቀን ሰው ለሰው የሚያደርገው ነው።

ምን ማለቴ እንደ ሆነ በምሳሌ ላስረዳ። ሐምሌና ነሐሴ ለደጋው ገበሬ ብዙውን ጊዜ ከባድ ወራት ናቸው፤ የአምናው እህል አልቋል፤ የዘንድሮው ገብስ ገና አልደረሰም። እናት ያለችውን ጥቂት ዱቄት ታቦካለች። በደኅናው ቀን ማዕድ የሚቀድመው አባት ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን ሥርዓቱ ይገለበጥና መጀመሪያ ለትንንሾቹ ይቈረሳል። እርስዋ ምጣዱን እየወለወለች «እኔ ቀምሻለሁ» ትላለች። አልቀመሰችም፤ ልጆቹም አለመቅመስዋን ያውቃሉ። ታላቂቱ ልጅ ከድርሻዋ ከፍላ ከመሶቡ ክዳን ሥር ታስቀምጥላታለች፤ እናትዮዋም ጠዋት ታገኘውና መልሳ ለትንሹ ትሰጠዋለች። ያ ቁራሽ በአንድ ሌሊት በሦስት ሰው እጅ አለፈ፤ ስለ ፍቅር ግን ማንም አልሰበከም። (ይህን ለማስረዳት አንድ የነገረ መለኮት ተማሪ ስንት ገጽ ይፈጅበት ይሆን?) ልብ በል፤ ያስተማረው የቁራሹ መንገድ ነው እንጂ ባዶው ጎተራ አይደለም። ጎተራው ሙሉ ቢሆን ኖሮ ትምህርቱ አይጠፋም ነበር፤ እንዲያውም ለጎረቤት በተረፈ።

እንደዚሁም በገና ሰሞን ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣውን መንገደኛ የላሊበላ ሰው ተቀብሎ እግሩን ያጥባል። ውሃው ሴት ልጅ በጀርባዋ አዝላ ያመጣችው ነው። ካህናቱ በቤተ ማርያም ዐለት ላይ ቆመው «ቤዛ ኵሉ» ሲያዜሙ ሁላችንም እናያለን፤ በጎጆው ደጃፍ የሆነውን ግን የሚያየው የታጠበው ሰው ብቻ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላስታ የጦርነት ሜዳ በሆነች ጊዜ፣ ባንክ ተዘግቶ፣ መብራትና ስልክ ተቋርጦ፣ እንግዳም ቀርቶ ሳለ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ የተካፈለው በዚሁ ልማዱ ነው። ጦርነት ፍቅርን አስተማረ የሚል ሰው ቢመጣብህ ግን አትስማው፤ ፍቅሩ ቀድሞም ነበረ።

ስለ ንጉሥ ላሊበላና ስለ ሚስቱ ስለ መስቀል ክብራ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ንጉሡ በሚስቱ ምክር ዙፋኑን ለወንድሙ ልጅ ለነአኵቶ ለአብ ለቀቀ። ዐሥራ ስምንት ወር እንዳለፈ የአዲሱ ንጉሥ ጭፍሮች የአንድ ድኻ ገበሬ ብቸኛ ላም ለንጉሥ ማዕድ ሊያርዱ ነዱበት። መስቀል ክብራ ይህን በሰማች ጊዜ ድኻው ይታገሥ አላለችም፤ ሳይበድል አይቀርም አላለችም፤ ችግሩ ያስተምረዋልም አላለችም። ባልዋን ተነሥቶ ዙፋኑን እንዲይዝ አስገደደችው፤ እርሱም ሰማት። ቤተ አባ ሊባኖስን ያሠራች ይህችው ንግሥት ናት ይባላል። አስጎብኚዎቹ ስለ ዐለቱ ብዙ ይናገራሉ፤ ስለ ላሚቱ ሲናገሩ ግን እምብዛም አልሰማሁም።