በአራት ደሴቶች መካከል

ባሕር በር በሌላት አገር እየኖርኩ ስለ ውቅያኖስ መጻፌ አንባቢን ሊያስገርም ይችላል። እውነት ነው፤ ባሕርን ከግጥሞቼ ውጪ እምብዛም አላውቀውም። ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣኝ ግን ግጥም ሳይሆን የባንክ ሥራዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ኤኳዶር 1.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ የዕዳ ቦንዷን ከግማሽ በታች በሆነ ዋጋ መልሳ ገዛች፤ ከዚህ ከሚተርፋት ገንዘብም ከፊሉን ለጋላፓጎስ ባሕር ጥበቃ ለማዋል ቃል ገባች። የዕዳ ወረቀት ለሻርክ ሲተርፍ አይቼ አላውቅምና ነገሩን መከታተል ጀመርኩ።

የጋላፓጎስ ባሕር ከ1998 ጀምሮ ጥብቅ ስፍራ ነው፤ ስፋቱም ከ130,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ይህን ያህል ውኃ ለዓሣ የማይበቃ አይመስልም። ራሱ እንደ መዶሻ የሆነው ሻርክ ግን በአንድ ስፍራ አይረጋም። ተመራማሪዎች ምልክት አስረው ሲከታተሉት፣ ከጋላፓጎስ ተነሥቶ በባሕር ውስጥ የተሰወሩትን ተራሮች ተከትሎ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ እስከምትገኘው የኮስታ ሪካዋ ኮኮስ ደሴት ድረስ ሲጓዝ ተገኘ። የባሕር ዔሊም እንዲሁ መንገደኛ ነው። ኮኮስ ጥብቅ ናት፤ የኮሎምቢያዋ ማልፔሎና የፓናማዋ ኮይባም ጥብቅ ናቸው፤ አራቱም በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በመካከላቸው ያለው ውኃ ግን ለረጅም ዘመን ጠባቂ አልነበረውም። በ2020 ወደ 300 የሚጠጉ፣ አብዛኞቹ የቻይና የሆኑ መርከቦች በዚያው አካባቢ፣ ከኤኳዶር ወሰን ውጪ ባለው ዓለም አቀፍ ውኃ ላይ ተሰልፈው ያጠምዱ ነበር። ይህ ሻርክ ለመራባት ብዙ ዓመት የሚፈጅ ፍጡር ነው፤ በ2019 ከምድር ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመድቧል።

እኔ ሥራ ስጀምር ቅርንጫፎቻችን ገና በኔትወርክ አልተያያዙም ነበር። አንድ ቀን አንዲት እናት የቁጠባ ደብተራቸውን ይዘው መጡ። ለሕክምና ነበር የመጡት፤ ሒሳባቸው ያለው ግን በሌላ ከተማ ነው። ደብተሩ ትክክለኛ፣ ገንዘቡም ሳይጎድል በቦታው አለ። «እማማ፣ ወደ ከፈቱበት ቅርንጫፍ መመለስ አለብዎት» አልኳቸው። ደብተራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሲወጡ እስከ ዛሬ ይታየኛል። ተነጥሎ የቆመ ጥብቅ ስፍራም በእኔ እምነት እንዲሁ ነው፤ ያለውን በሚገባ ይጠብቃል፣ ለመንገደኛ ግን አይደርስለትም።

አራቱ አገሮች የጋራ መተላለፊያ ለማቋቋም የተስማሙት በ2004 ነበር፤ ለብዙ ዓመታት ግን ከወረቀት ብዙም አላለፈም። በኅዳር 2021 መሪዎቻቸው በግላስጎው ቃላቸውን አደሱ፤ በጥር 2022 ደግሞ ኤኳዶር «ኤርማንዳድ»፣ ማለትም ወንድማማችነት የተባለውን 60,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፍራ እስከ ኮስታ ሪካ የባሕር ወሰን ድረስ ከለለች። ደስ ይላል፤ ቅሬታዬን ግን አልሸሽግም። ዓሣ ማጥመድ ፈጽሞ የተከለከለው በግማሹ ብቻ ነው። በሌላው ግማሽ የታገደው ብዙ መንጠቆ የሚንጠለጠልበት ረጅም ገመድ ሲሆን፣ በመረብ ማጥመድ አልተከለከለም። የዓሣ አጥማጁ እንጀራ ግድ የማይለኝ ሆኖ አይደለም፤ ሻርኩ ካለቀ የባሕሩ ሥርዓት ይናጋል፣ ያኔ ለእርሱም የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ወደ ማልፔሎና ወደ ኮይባ የሚወስደው መንገድም ገና በቅጡ አልተያያዘም። እነዚያ 300 መርከቦች የቆሙበት ውኃ ደግሞ የማንም አገር አይደለም። በጥር 2026 በሥራ ላይ የዋለው የዓለም አቀፍ ውኃዎች ስምምነት እንዲህ ባለው ስፍራ ጥብቅ ክልል ለማቋቋም መንገድ ከፍቷል። ጥያቄውን ቀድመው ሊያቀርቡ የሚገባቸው እነዚሁ አራቱ ጎረቤታሞች ይመስሉኛል።