ኤንትሬን በኪሎ?
እንግሊዞች በሌይላንድ ከተማ ለአሮጌ የጭነት መኪኖቻቸው ሙዚየም አላቸው። እኛ ኤንትሬን፣ በ1952 እ.ኤ.አ. መመረት የጀመረውን የፊያት 682 ዘር፣ በኪሎ ለብረት ማቅለጫ እንሸጣለን። ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜና ጨንቻ የሚወጣውን ዳገት ያየ ግን የኤንትሬ ዋጋ ይገባዋል፤ ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ2,500 በላይ መውጣት ነው። የብዙዎቹ ኤንትሬዎች መሪ በቀኝ ነበር፤ ጣሊያኖች እንዲህ የሠሩት ሾፌሩ በተራራ መንገድ የገደሉን ጠርዝ በዓይኑ እንዲያይ ነው። ረዳቱስ? ታኮ ይዞ ከኋላ የሚሮጠው፣ ሞተሩ ሲግል ውሃ ፍለጋ የሚወርደው፣ አቧራውን የሚጠጣው እሱ ነው (ደመወዙን ባንጠይቅ ይሻላል)። ስለ ዶርዜ ሸማኔ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ጫኝና አውራጁ ግን እምብዛም። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች ሆይ፣ ሽማግሌ ሾፌሮችና ረዳቶች በሕይወት ሳሉ ድምፃቸውን ቅረጹ።